እትዬ ለምን እና የማሸጊያ ክፍሉ ደወል

ሽልማቱ ገና አልመጣም፤ ሚስማሩ ግን ተመትቷል። የመታው ለሽልማቱ የታጨችው ሴትዮ ባል ነው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን ማርሽ የሚያስገባ ቸኳይ ሰው። ትናንት ማምሻውን ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ከሳሎኑ በር አጠገብ፣ የጣት ርዝመት ያለው ሚስማር ቀጠቀጠ። ወንበሩን የያዘችለት ታናሽ እህቱ ናት።

"የምስክር ወረቀቱ እዚህ ይሰቀላል" አለ።

"የሽልማቱ ዳኛ እንኳን ገና አልመጡም። ለምን ትቸኩላለህ?" አለችው ሚስቱ።

"ይኸው ጀመረች" አለ ሹፌሩ፣ መዶሻውን ለእህቱ እያቀበለ። እህቱ ምንም አላለችም። እሷ ድሮም ምንም አትልም።

ለምን። የሚስቲቱ ስም ይኸው ነው፤ እትዬ ለምን። ወላጆቿ ያወጡላት ስም አለ፣ ነገር ግን ጫማ ፋብሪካው ውስጥ ያን ስም የሚያውቀው የሠራተኛ ማኅደሯ ብቻ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትጠይቅ ኖረች። ለምን ክሩ ሁለት ክፍል አልፎ ይቀመጣል? ለምን መቀሱ ግራኙን ቆራጭ በስተቀኙ ይጠብቀዋል? አንዱ አለቃ "ጆሮዬን በላችው" ብሎ ከቆረጣ ወደ ስፌት አዛወራት። የስፌቱ አለቃ ዓመት ታገሳትና ወደ ሶል ላካት። የሶሉ አለቃ ደግሞ እግዜር ይስጠው፣ ስድስት ወር ቻላት። እንዲህ እንዲህ እያለች ፋብሪካውን በሙሉ በቅጣት ዞረችው፤ የቀጧት ሰዎች ሳያውቁት ከእነሱ ሁሉ በላይ ፋብሪካውን የምታውቅ ሰው አደረጓት።

ከአምስት ዓመት በፊት ካይዘን መጣ። ሥራን በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ማሻሻል ማለት ነው። አሠልጣኙ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ "አንድ ችግር ሲገጥማችሁ አምስት ጊዜ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፤ አምስተኛው ላይ ሥሩን ታገኙታላችሁ" ሲል፣ መቶ ሰማንያ ሰው አንገቱን አዙሮ አንድ ሰው አየ። እሷን ነዋ። በሳምንቱ የማሻሻያ ቡድኑ መሪ ሆነች። ለቀባሪው አረዱት የሚባለው ይኼ ነው።

ከዚያ ወዲያ የሠራችው ሥራ ብዙ ነው፤ ስሟን ያስጠራት ግን የመቆንጠጫው ነገር ነው። ፋብሪካው አንድ ክፉ በሽታ ነበረበት፦ ግራው ሠላሳ ዘጠኝ፣ ቀኙ አርባ ቁጥር የሆነ ጫማ በአንድ ካርቶን ታሽጎ ይወጣል። በወር ሃምሳ ስድሳ ጥንድ ይመለሳል። አንድ ደንበኛማ "እኔ ሁለት እግር ያለኝ አንድ ሰው እንጂ ሁለት ሰው አይደለሁም" ብሎ ጽፏል። እትዬ ለምን ጠየቀች፣ ጠየቀች፣ አምስተኛው ለምን ላይ ስትደርስ ግራና ቀኙን ከቆረጣ እስከ ማሸጊያ አንድ ላይ የሚይዛቸው ነገር እንደሌለ ገባት። ያን ዕለት እቤቷ ልብስ እያሰጣች ነበር። እጇ ላይ ያለውን የልብስ መቆንጠጫ አየችው። በማግሥቱ ከገመዱ ላይ ሠላሳ የእንጨት መቆንጠጫ ለቅማ ፋብሪካ ገባች፤ የባሏ ሸሚዝ በነፋስ ተወስዶ የጎረቤት አጥር ላይ ዋለ።

ቆራጩ ግራና ቀኙን ቆርጦ በአንድ መቆንጠጫ ይይዛቸዋል። ሰፊዋ ሰፍታ መልሳ ትቆነጥጣቸዋለች። ሶል ለጣፊውም እንዲሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። በሽታው በወሩ ግማሽ ሆነ፣ በሦስተኛው ወር ጠፋ። ማሸጊያ ክፍሉ በር ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ በየቀኑ ስንት የተዛነፈ ጥንድ እንደተገኘ በጠመኔ ይጻፋል፤ አሁን መቶ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ዜሮ ነው።

ይህ ወሬ ወጣ። የፋብሪካዎች ማኅበር በየዓመቱ ለአንድ ምርጥ የማሻሻያ ባለሙያ ሽልማት ይሰጣል። ከአሥራ ሁለት ፋብሪካ አሥራ ሁለት ሰው ታጨ፤ አንዷ እሷ ናት። ለእሷ ወረቀቱ ወረቀት አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት "ነገረኛ" ስትባል የኖረች ሴት፣ አንድ ቀን አንድ የተከበረ ሰው ብድግ ብሎ "ጥያቄሽ ልክ ነበር" እንዲላት ፈለገች። ፈለገች ብቻ ሳይሆን እንቅልፍ አጣች።

ዳኛው የሚመጡት አራት ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግን ፋብሪካው የሠርግ ቤት መስሏል። ወለሉ ላይ ያለው ቢጫ መሥመር ታድሷል፤ መሣሪያው ሁሉ በየቦታው ተሰቅሏል፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ገና ሠላሳ አምስት ያልሞላው ቀልጣፋ ሰውዬ፣ ከረባቱን በየአሥር ደቂቃው ያስተካክላል። በየጠረጴዛው ላይ ደግሞ አዳዲስ የፕላስቲክ መቆንጠጫዎች ያበራሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ።

የእንጨቶቹ የት ሄዱ? ከትናንት ወዲያ ሥራ አስኪያጁ አንዱን አንሥቶ በሁለት ጣቱ ይዞ አይቶት ነበር። በማስቲሽ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ተበልቷል። "እትዬ፣ ዳኛው ይህን ነው የሚያዩት?" አለ። እትዬ ለምንም እንደ አዲስ አየችው፤ አፈረችበት። ያን ዕለት ማታ አዳዲሶቹ ተገዙ። እሷ ራሷ የእንጨቶቹን በማዳበሪያ ከረጢት ከትታ፣ ቀይ ወረቀት ለጥፋ ዕቃ ቤት አስገባቻቸው። ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት ዕቃ አያስፈልግም የተባለ ነው፤ ሠላሳ ቀን ቆይቶ ጠያቂ ካጣ ይጣላል። ደንቡን ያወጣችው እሷ ናት። ሌላም ያወጣችው ደንብ አለ፤ በትልቁ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፦ "ማንኛውም ለውጥ መጀመሪያ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቀን ይሞከር።" ያን ደንብ በዚያ ማታ አላነበበችውም።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ከማሸጊያ ክፍል ጠሯት። የጠራቻት የባሏ እህት ናት፣ ያቺ ወንበር የያዘችው። ፋብሪካው ውስጥ ቁልፌ ይሏታል፤ አፏ የተቆለፈ ነው ለማለት። አርባ ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከወንድሟ ጋር ትኖራለች። እዚህ ያስቀጠረቻት እትዬ ለምን ናት። በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ሁሉም ሲናገር ቁልፌ እጇን አጣጥፋ ታዳምጣለች። "አንቺስ ሐሳብ የለሽም?" ሲሏት "ዝም አይነቅዝም" ትላለች፤ ረጅም ንግግሯ ይኸው ነው።

ቁልፌ አንድ ጥንድ ጫማ ገልብጣ ሶሉን አሳየቻት። ግራው ሠላሳ ዘጠኝ። ቀኙ አርባ።

እትዬ ለምን ሰሌዳውን አየች፤ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ምን አደረገች መሰላችሁ? ቀኙን ጫማ አንሥታ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

"ዳኛው ይሂዱና እናየዋለን" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አንድ ጥንድ ናት። አንድ።"

ቁልፌ አየቻት። ግራውን ጫማ ብቻ ይዛ ቀረች።

ዳኛው በሰዓታቸው መጡ። አጠር ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ጣቶቻቸው ወፋፍራም፣ የድሮ ብረት ሠራተኛ መሆናቸውን እጃቸው ይናገራል። ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን ሲጀምር "ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ልይ" ብለው አስቆሙት። አዩም። የቆራጩን መቀስ አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡ፤ ቦታውን ሳይጠይቁ አገኙት። ሳቅ አሉ። ሰፊዎቹን "ክሩን ማን ነው ያቀረበላችሁ?" ሲሉ "እትዬ ለምን" አሏቸው። ሶል ለጣፊዎቹን "የጭሱን መውጫ ማን ነው የከፈተው?" ሲሉ "እትዬ ለምን፤ ጠይቃ ጠይቃ አሰልችታን ከፈትነው" አሏቸው። እትዬ ለምን ከኋላ ከኋላ ስትከተል ፊቷ ፈክቶ፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጥቶ፣ አንድ ነገር ብቻ ይጎረብጣታል። በተራመደች ቁጥር አርባ ቁጥሩ ጫማ በአፍንጫው ጭኗን ይወጋታል።

ማሸጊያ ክፍሉ በር ላይ ደረሱ። ዳኛው ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

"መቶ ሃያ አንድ ቀን" አሉ። "እኔ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ አላየሁም። የዛሬው ቦታ ግን ባዶ ነው። ዛሬስ?" ጠመኔውን አንሥተው ሰጧት።

ጠመኔውን ተቀበለች። ምን ልትጽፍ ነበር? እውነቱን እንነጋገር፤ ሴትዮዋን ብንወዳትም አንሸፍንላትም። ዜሮ ልትጽፍ ነበር። ክቡን ጀምራዋለች።

ያኔ ደወሉ ጮኸ።

ይህ ደወል ማሸጊያ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ነው። ችግር ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ይደውላል፤ ሲደወል ሥራ በሙሉ ይቆማል። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ ግን ሠራተኛው አለቃ ስለሚፈራ ከቡድኑ መሪ በቀር ደውሎት የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ የምትጎትተው ቁልፌ ናት። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። መቶ ሰማንያ ሰው ቀና አለ።

"መኪናው" አለች ቁልፌ። ድምጿን ሰምቶት የማያውቅ ሁሉ ደነገጠ። "እትዬ፣ መኪናው ሊወጣ ነው። የትናንቱ ሁሉ ተጭኗል። በአዲሱ መቆንጠጫ የተሠራው ሁሉ።"

እትዬ ለምን አንድ ጥንድ ብላ የደበቀችው ነገር አንድ ጥንድ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባት። ጠመኔውን ጣለችና እግሬ አውጪኝ አለች። በአምሳ ሁለት ዓመቷ፣ በሽርጥ፣ ኪሷ ውስጥ ጫማ እየተንገላወደ፣ ግቢውን አቋርጣ ሮጠች። ከኋላዋ ቁልፌ፣ ከቁልፌ ኋላ ግራኙ ቆራጭ፣ ከእሱ ኋላ ከረባቱ ትከሻው ላይ የዞረበት ሥራ አስኪያጅ። የጭነት መኪናው የግቢውን በር አጋምሷል። እትዬ ለምን ፊቱ ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች። የመኪናው ሹፌር ፍሬኑን ረግጦ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"ሴትዮ፣ ምን ሆነሻል?"

"አውርድ" አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "ሁሉንም አውርድ።"

ሁለት መቶ ስምንት ካርቶን ወረደ። ግቢው ውስጥ ሸራ ተነጠፈና ሰው ሁሉ ተንበርክኮ መክፈት ጀመረ። ሠላሳ ስምንት ሠላሳ ስምንት፣ ደኅና። አርባ አንድ አርባ አንድ፣ ደኅና። ሠላሳ ዘጠኝ አርባ፣ ይኸው አንድ። ከስፌት መጡ፣ ከሶል መጡ፤ ዘበኛው ሳይቀር አንድ ካርቶን ይዞ ይቆጥራል። እትዬ ለምን ቀና ስትል ዳኛው ኮታቸውን አውልቀው፣ ጉልበታቸውን ሸራው ላይ አድርገው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሶል ያነብባሉ። "እዚህ ሌላ አለ" አሉ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ። በሠላሳ አምስት ደቂቃ አለቀ። ስምንት ጥንድ ተገኘ፤ ኪሷ ውስጥ ያለው ሲጨመር ዘጠኝ።

ከኪሷ አወጣችው። ሰው ሁሉ እያየ አወጣችውና ሸራው ላይ ከስምንቱ ጋር አስቀመጠችው።

"ይህን ጠዋት አይቼዋለሁ" አለች። "ደብቄው ነበር።"

ሥራ አስኪያጁ መሬት መሬት ያያል። እንግዲህ ደንቡ ችግር የተገኘበት ቦታ ላይ ቆሞ መጠየቅ ነው፤ ሁልጊዜ የምትጠይቀው እሷ ነበረች። ዛሬ ግን ተጠያቂዋ እሷ ናት። የሚጠይቅ ጠፋ። ቁልፌ ግራውን ጫማ እንደያዘች ወደ ፊት መጣች።

"ለምን ተዛነፈ?" አለች።

"ግራና ቀኙ ስለተለያዩ ነው" አለች አንዷ ሰፊ።

"ለምን ተለያዩ?"

"አዲሱ መቆንጠጫ ይስፈነጠራል። እኔ ትናንት ከወለል ላይ ስለቅም ነው የዋልኩት፤ የትኛው የማን እንደሆነ በግምት ነው የያዝኩት።"

"ለምን ይስፈነጠራል?"

"አፉ ጠባብ ነው" አለ ግራኙ ቆራጭ። "ለሸሚዝ ይሆናል፤ ሁለት ቆዳ አይችልም። የእንጨቱ ነው የሚችል።"

"የእንጨቱ ለምን ተነሣ?"

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ ነኝ..." ብሎ ሲጀምር እትዬ ለምን እጇን አነሣች።

"አይደለም። ቀይ ወረቀቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሳልሞክር ሁሉንም የለወጥኩት እኔ ነኝ።"

አራት ሆኗል። አምስተኛው ቀርቷል። ቁልፌ የወንድሟን ሚስት ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት፤ ያጎረሰቻትን፣ ያስቀጠረቻትን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አብራት የምትኖረውን። ግን ጠየቀች።

"ለምን፣ እትዬ?"

እትዬ ለምን ስለ መቆንጠጫ ብዙ መልስ ነበራት። ለዚህ ግን አንድ ብቻ ነበራት።

"እንዲያምርብኝ ፈልጌ" አለች። "ሽልማቱን ፈልጌ። ያደፈ እንጨት ይዤ መታየት አፈርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነገረኛ ተብያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አምሮብኝ ልታይ ብዬ ነው።" እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ይኸው ተፈታ።"

ከዚያ ዕቃ ቤት ሄዳ ከረጢቱን ራሷ ጎትታ አመጣች። ቀይ ወረቀቱን ገነጠለች። የጠቆሩት የእንጨት መቆንጠጫዎች በየጠረጴዛው ተመለሱ፤ ሰፊዎቹ የጠፋ ልጅ እንደተገኘላቸው ተቀበሏቸው። እሷም ሰሌዳው ጋ ሄደች፣ የጀመረችውን ክብ በእጅጌዋ አጠፋችና "9" ብላ ጻፈች። ማሽኖቹ ተነሡ።

ዳኛው ኮታቸውን ለብሰው ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ እሷን ግን አይደለም።

"ደወሉን እንድትደውዪ ማን አዘዘሽ?" አሏት ቁልፌን።

"ማንም" አለች ቁልፌ። ወደ እትዬ ለምን በአገጯ አመለከተች። "ያስተማረችኝ እሷ ናት።"

ሽማግሌው አንድ ነገር ጽፈው ደብተራቸውን ዘጉና ሄዱ። ደኅና ዋሉ እንኳን በወጉ አላሏቸውም።

ያን ዕለት ሁለቱ ሴቶች አንድ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ቤት ሄዱ። ግማሽ መንገድ ላይ ቁልፌ "ተቀየምሽኝ?" አለች። "እንዴት አልቀየምሽ" አለች እትዬ ለምን፣ ክንዷን ሳብ አድርጋ በክንዷ እየቆለፈች። "ጫማው ጭኔን ሲወጋኝ ምነው ቶሎ አልደወልሽ።" ሁለቱም ሳቁ፤ ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ ዞሮ እስኪያያቸው ሳቁ። ቤት ሲደርሱ ሹፌሩ የሆነውን ሰምቶ ሚስማሩን አየ፣ እነሱን አየ፣ ቆቡን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ።

ሦስት ሳምንት ቆቡ እዚያው ሰነበተ። በአራተኛው ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ከረባቱን አላስተካከለም። ደወሉን ራሱ ደወለው። ሥራ ሲቆም ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ አነበበ።

"ከአሥራ ሁለቱ ፋብሪካዎች በአሥራ አንዱ ጥሩ ጥሩ ሥራ አይተናል። በአሥራ አንዱም፣ መሪው ሲሳሳት ማን ያስቆመዋል ብለን ስንጠይቅ መልስ አላገኘንም። በአሥራ ሁለተኛው ሳንጠይቅ አየነው። የራሷን ሽልማት የሚያስቀርባት ደወል እንድትደውል ሠራተኛዋን ያስተማረች ባለሙያ እስካሁን አልገጠመችንም። የዓመቱ ሽልማት ለእርሷ ይሁን።"

ፋብሪካው ጮቤ ረገጠ። ቆራጩ መቀሱን ጠረጴዛ ላይ ይመታል፤ ሰፊዎቹ እልል ይላሉ፤ እትዬ ለምንን ከመሬት አነሷት። እሷ ግን ከሰው ትከሻ በላይ ሆና በዓይኗ የምትፈልገው አንድ ሰው ነው። ቁልፌ ደወሉ ሥር ቆማ በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ትጠርጋለች። "አውርዱኝ" አለች እትዬ ለምን፤ ወርዳም ሄዳ አቀፈቻት። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አልተላቀቁም።

የምስክር ወረቀቱ እቤት የገባው ቅዳሜ ነው። ሹፌሩ ቆቡን ከሚስማሩ ላይ አነሣ፣ ፍሬሙን በክብር ሰቀለ፣ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አየ። ረክቷል። ያኔ ከኋላው ድምጽ ተሰማ።

"ወንድሜ" አለች ቁልፌ። "የሳሎኑ በር ሲከፈት ይሸፍነዋል። ለምን እዚያ መታኸው?"

ሹፌሩ በሩን ከፈተው። እውነትም ሸፈነው። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሚስቱንና እህቱን በየተራ አያቸውና መዶሻውን ፍለጋ ወጣ። እስከ ዛሬ በአውቶቡሱ ለተሳፈረ ሁሉ፣ አንዷን ስችል ሁለት አደረጉብኝ እያለ ያማርራል፤ ሲያማርር ግን ጥርሱ አይከደንም።